ሰው መቆየት ያቆመበት ሕንፃ፦ በተዳከመ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ውስጥ የአንድ ተከራይ ተሞክሮ

በመሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ የእጅ ሰዓት እየሸጥኩና እየጠገንኩ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት መልካም ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ ግን ሕንፃው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀዘቀዘ፣ እኔም ጥሪቴን ይዤ ለመውጣት እየታገልኩ ያለፉ ናቸው። ይህን የምጽፈው በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ከፍተው፣ በየወሩ ኪራይ እየከፈሉ፣ ኮሪደሩ ግን ጭር እያለ ሲሄድ ለሚያዩ ሰዎች ነው። እኔ ዘግይቼ የተረዳኋቸውን ነገሮች እነሱ በጊዜ ቢረዷቸው ከብዙ ኪሳራ ይድናሉ ብዬ አምናለሁ።

የማዕከሉን መዳከም ያየሁት በሥራዬ በኩል ስለሆነ አስቀድሜ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ሰዓቱን ለማስጠገን የሚመጣ ደንበኛ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ባትሪ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለውን ቀለበት መለወጥ፣ የብረት ማሰሪያውን አሳጥሮ መልሶ መግጠም ግን አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በደህናው ጊዜ ይህ ማንንም አያስቸግርም ነበር። ደንበኛው ሰዓቱን ትቶልኝ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ሲኒማ ይወጣል፤ ወይም ልጆቹን ወደ መጫወቻው ያስገባል፤ ወይም ምድር ላይ ካለው ሱፐርማርኬት የሳምንቱን አስቤዛ ይሸምታል። ሲመለስ ሰዓቱ ደርሶ ይጠብቀዋል። እሱ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮት የመጣው ሰው መስታወቱ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች አንዱን ያነሳል። ከሽያጬ ጥሩ ድርሻ የሚገኘው ሰው ሌላ ጉዳዩን ጨርሶ በሚመለስበት በዚያች ሰዓት ነበር።

ባንኮኒዬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ደብተር ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ጥገና ቀኑን፣ የሰዓቱን ዓይነትና የተከፈለውን ከጻፍኩ በኋላ ከጎኑ አንዲት ፊደል አኖራለሁ፤ ሰዓቱን ትቶ ለሄደ «ት»፣ ቆሞ ለጠበቀ «ጠ»። ይህን የጀመርኩት ለሚጠብቁ ሰዎች ስንት ወንበር እንደሚያስፈልገኝ ለማወቅ ብቻ ነበር። በስምንተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ገጾቹን ሳገላብጥ «ት» እየሳሳች መሄዷን አየሁ። የደንበኞቼ ብዛት ገና ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። የተለወጠው ሰዎቹ ሰዓታቸውን ትተው የሚሄዱበት ቦታ ማጣታቸው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስተኛ ፊደል መጨመር ግድ ሆነብኝ፤ «መ»፣ ማለትም «አንድ ሰዓት ይፈጃል» ስለው «እንግዲያው ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ የሄደ። ከእነዚያ መካከል የተመለሱት በጣም ጥቂት ናቸው።

ለተከራዮች ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል በዋናነት የሚያከራየን ግድግዳና ጣሪያ ይመስለናል፤ በእርግጥ የምንከፍለው ግን ሰው በሕንፃው ውስጥ ለሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ሲያጥር፣ በር ላይ የሚገባው ሰው ቁጥር ገና ሳይቀንስ እንኳ፣ ሱቃችን መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ የቀኑን ሽያጭ ብቻ እያያችሁ አትቀመጡ። ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ከስንት ሱቅ እንደሚገባ፣ ከሌላ ፎቅ መጥቶ እንደሆነ ወይም ከበሩ በቀጥታ እንደመጣ የሚያሳይ አንዳች ምልክት በራሳችሁ ደብተር ያዙ። አስተዳደሩ የሚያሳያችሁ አኃዝ ካለም ተመልከቱት፤ ነገር ግን ያ አኃዝ የሚቆጥረው በበሩ የገባውን ሰው ነው፤ በመሀል ከተማ ደግሞ ሕንፃውን ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ማቋረጫ የሚያደርገውም ሰው በዚያው ይቆጠራል።

ሲኒማው በአንድ ቀን አልተዘጋም። መጀመሪያ የቀረው በሥራ ቀናት ከሰዓት በፊት የሚታየው ፊልም ነው። ለሲኒማው ይህ ትንሽ የወጪ ቅነሳ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚገባው ተመልካች ጥቂት ነውና። ለእኛ ግን የጧቱ ሥራ አብሮ ሄደ። ከዚያ ከስድስቱ አዳራሾች ሁለቱ ተዘጉ፤ አዲስ ፊልም ቶሎ መምጣቱን አቆመ፤ በመጨረሻም «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ እድሳት የሚያደርግ ሰው ግን አላየንም። በዚህ መካከል የመጫወቻው ባለቤት ጥሩዎቹን ማሽኖች ከከተማው ጫፍ ወደከፈተው ሌላ ቦታ አጓጓዘ፤ እዚህ የቀሩት ሳንቲም የሚውጡት፣ ድምፃቸው የተሰበረው አሮጌዎቹ ናቸው። ሰውየውን አልወቅሰውም። እሱም እንደ እኔ ወረቱን እያሰበ ነበር። እንዲህ ያለ ማዕከል የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው በሠራው ጥፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ትክክል የሆነ ትንሽ ቅነሳ ሲያደርግ የሌላው ገበያ አብሮ ስለሚቀነስ ነው።

የሕንፃው አያያዝም መናገር ጀመረ። የኮሪደሩ መብራቶች አንድ በአንድ እየተዘለሉ ጠፉ። የላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ተቆለፈ፤ ሰዎች ወደ ምድር እየተላኩ እዚያው ቀሩ። የጣሪያው መስታወት ሲያፈስ ከሥሩ የተቀመጠው ባልዲ ለወራት አልተነሳም፤ አንዳንድ ጧት የጽዳት ሠራተኛዋ ከማንም ቀድማ ገብታ ስትደፋው አያት ነበር። ከሁሉ የጎዳኝ ግን ከምድር ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚያወጣው ኤስካሌተር ነው። አንድ ቀን ቆመ፤ «ለጥገና» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ከፊቱ ተደረገ፤ ሰሌዳው አቧራ እስኪለብስ እዚያው ከረመ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ለሠራተኛዬ ትቼ ከታች ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተመለከትኩ። ሰው እስከ ኤስካሌተሩ እግር ድረስ ይመጣል፤ ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል፤ ከላይ የበራ መስታወት ወይም የሚንቀሳቀስ ሰው ካላየ ይመለሳል። ልጅ የታቀፈችው፣ ዕቃ የያዘው፣ በዕድሜ የገፋው ሁሉ ተመለሰ። ደረጃውን በእግራቸው የወጡት ወጣቶች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ አጭር ጉብኝት አድርገው ወረዱ። በዚያ ቀን ምሽት መስኮቴ ውስጥ ያሉትን ረዣዥም መደርደሪያዎች አንስቼ መብራቱን ወደ ደረጃው እንዲያይ አዞርኩት። ለጥቂት ሳምንታት ረድቶኛል፤ ነገር ግን አንድ ተከራይ ብቻውን ፎቅ ማብራት አይችልም።

በዚህ ጊዜ ነው ስለ ሌሎች ከተሞች ማንበብ የጀመርኩት፤ የእኛ ማዕከል ችግር ከእኛ የሚጀምር መስሎኝ ነበርና። ያነበብኩት አሳዘነኝም፣ አጽናናኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዘመናዊውን ዝግ የገበያ ማዕከል መልክ ያስያዘው ቪክቶር ግሩን የተባለ፣ ቪየና ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አርክቴክት ነው። በ1956 በሚኒሶታ ግዛት ኢዳይና ከተማ የተከፈተውን ሳውዝዴል የነደፈው እሱ ነው፤ ሐሳቡም ብርዱና ሙቀቱ በማይገባበት፣ መኪና በሌለበት አደባባይ ሰዎች ተገናኝተው እንዲቆዩ ማድረግ ነበር። ግሩን ይህንኑ በመሀል ከተማም ሞክሮታል፤ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ በ1962 የተከፈተው ሚድታውን ፕላዛ የእሱ ሥራ ነው። ያ ማዕከል ለዓመታት የከተማዋ መገናኛ ሆኖ ከኖረ በኋላ ትልልቆቹ መደብሮች ወጡበት፤ በ2008 ተዘጋ፤ ከዚያም አብዛኛው ክፍሉ ፈረሰ። ግሩን ራሱ በዕድሜው መጨረሻ ወደ ቪየና ተመልሶ፣ በእሱ ስም የተስፋፉትን የገበያ ማዕከላት የእኔ ልጆች አይደሉም ብሎ በይፋ ክዷቸዋል። ሰው እንዲቆይበት የታሰበው ቦታ መሸጫ ብቻ ሆኖ መቅረቱ አሳዝኖት ነበር። እኔ በደብተሬ ፊደል ያየሁትን እሱ ከብዙ ጊዜ በፊት አይቶታል።

ከሁሉ በላይ የራሴን ሁኔታ ያሳየኝ ግን የኮሎምበስ ከተማ ታሪክ ነው። በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በዚህች ከተማ መሀል ሲቲ ሴንተር የተባለ ትልቅ ማዕከል በ1989 ተከፈተ። ከዚያ በ1999 ኢስተን፣ በ2001 ደግሞ ፖላሪስ የተባሉ አዳዲስ ማዕከላት ከመሀል ከተማው ውጭ ተከፈቱ፤ የመሀሉ ገበያ ወደ እነሱ ፈሰሰ፤ ሲቲ ሴንተር በ2009 ተዘግቶ ፈረሰ፤ ቦታው በ2011 የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ከመከፈት እስከ መዘጋት 20 ዓመት ብቻ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ በከተማችን ዳርቻ የሚገነባውን አዲስ ማዕከል ሄጄ በዓይኔ አየሁት። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፤ ሲኒማ ይኖረዋል ወይ፣ የመኪና ማቆሚያውስ በነጻ ነው ወይ? ሁለቱም አዎ ነበር። የእኛው ማቆሚያ በሰዓት ያስከፍላል። ደንበኛዬ ሰዓቱን ትቶ ሁለት ሰዓት እንዲቆይ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ይከፍላል። መሀል ከተማ ያለ ማዕከል ከዳርቻው ጋር ሲወዳደር ከባዱ ሸክም አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ገንዘቤን ያጣሁትም የዳንኩትም በእሱ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ማዕከላት ውስጥ ሱፐርማርኬቱ፣ ትልቁ መደብርና ሲኒማው ዋና ተከራዮች ናቸው። ሰው የሚጎትቱት እነሱ ስለሆኑ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚከፍሉት ኪራይ ከእኛ ከትንንሾቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ እኛ ውድ የምንከፍለው እነሱ ያመጡትን ሰው ለመካፈል ነው። እንግዲህ እነሱ ከወጡ የእኛ ውድ ኪራይ ምክንያቱ አብሮ ይወጣል፤ ውሉ ግን ይህን ካልተናገረ ኪራዩ እንዳለ ይቀጥላል። በብዙ አገር የሚሠራበት መከላከያ አለ። ዋናው ተከራይ ከለቀቀ ወይም የተከራየው የሕንፃው ክፍል በውሉ ከተጠቀሰው መቶኛ በታች ከወረደ፣ ትንሹ ተከራይ ኪራዩ እንዲቀነስለት ወይም ያለ ቅጣት እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ነው። በእኔ የመጀመሪያ ውል ውስጥ ይህ አንቀጽ ነበር፤ እኔ ግን መኖሩን አላውቅም ነበር። ገበያው በደራበት ጊዜ የፈረምኩትን ወረቀት ማን ያነበዋል?

ሱፐርማርኬቱ ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ በተሰማ ሰሞን የአስተዳደሩ ኃላፊ በትህትና ሱቄ ድረስ መጣ። «ለእርስዎ ለነባሩ ተከራያችን ኪራዩን በሩብ ቀንሰናል፤ ውልዎ ሊያልቅ ስለሆነ ከአሁኑ ለሦስት ዓመት ያድሱት» አለኝ። ደስ አለኝ። ቅናሹን ቆጥሬ አዲሱን ውል ፈረምኩ። አዲሱ ውል የድሮውን አንቀጽ አልያዘም ነበር። ሱፐርማርኬቱ ከሦስት ወር በኋላ ሲወጣ ኪራዬን ሊያስቀንስልኝ ወይም ሊያስወጣኝ ይችል የነበረውን መብት በገዛ ፊርማዬ ትቼዋለሁ። ከጎኔ ቦርሳና ሻንጣ የሚሸጡት ሴት ግን አልፈረሙም። ሱቃቸውን ሲዘጉ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ እኔ እስከሚመጣው ወር ነው ያለሁት። አንተም ውልህን አውጥተህ ዛሬ ማታ አንብበው፤ ከቻልክ ለሚያውቅ ሰው አስነብበው» አሉኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አድሼዋለሁ» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ያን ማታ ያነበብኩት የሚያድነኝን ሳይሆን የፈረምኩትን ነው።

ስለዚህ ማዕከሉ ቀዝቅዞ ሳለ ቅናሽ ይዞ የሚመጣን የእድሳት ውል በችኮላ አትቀበሉ። የቀድሞውን ውልና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ምን እንደጎደለ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ባዶ ሱቆች በበዙበት ጊዜ አከራዩ እናንተን ይፈልጋል፤ ረዥም ውል የሚፈልገውም ለባንኩ ወይም ለገዢ የተከራየ ሕንፃ አለኝ ለማለት ስለሚጠቅመው ጭምር ነው። ያ ፍላጎት የእናንተ የመደራደሪያ ኃይል ነው፤ ከፈረማችሁ በኋላ ግን አይኖርም። ሦስት ዓመት ሲሏችሁ በየስድስት ወሩ መውጣት የሚቻልበትን የአንድ ዓመት ውል፣ ወይም ከተቆረጠ ኪራይ ይልቅ ከሽያጭ ላይ መቶኛ የሚታሰብበትን ኪራይ ጠይቁ።

የጋራ ወጪ የሚባለውም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ብዙ ተከራዮች ኪራዩን ብቻ ሲያሰሉ የሚያደማቸው ይህ ነው። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሊፍት፣ መብራት፣ የጣሪያ ጥገና፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ለተከራዮች ይከፋፈላል። ሕንፃው ሲጎድል ግን ወጪው በዚያው ልክ አይጎድልም፤ ሊፍቱ ለአንድ ሰውም ይወጣል፤ ጥበቃው ባዶ ሱቅም ይጠብቃል። እኩል ስፋት ያላቸው 100 ሱቆች 100 እጅ ወጪ ይካፈላሉ እንበል፤ እያንዳንዱ አንድ እጅ ይከፍላል። 40 ሱቆች ወጥተው ወጪው ወደ 90 ቢወርድ፣ የቀሩት 60 ተከራዮች እያንዳንዳቸው አንድ እጅ ከግማሽ ይከፍላሉ። ገበያችሁ በቀነሰ ጊዜ ክፍያችሁ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ያ ደግሞ የሚቀጥሉትን ያስወጣል፤ የቀሩትም የበለጠ ይከፍላሉ። ልዩነቱ ያለው በውሉ ሁለት ቃላት ላይ ነው። ድርሻችሁ የሚሰላው «ከተከራየው ስፋት» ከሆነ የባዶው ሱቅ ሸክም በእናንተ ላይ ነው፤ «ሊከራይ ከሚችለው ጠቅላላ ስፋት» ከሆነ ደግሞ በአከራዩ ላይ ነው። የእኔ «ከተከራየው» ይል ነበር።

ይህን ካወቅን በኋላ በየፎቁ የቀረን ተከራዮች ተሰባሰብን። በተናጠል ስንጠይቅ የነበረው «ኪራይ ይቀነስልን» የሚል ልመና ነበር። አንድ ላይ ስንሆን የጠየቅነው የጋራ ወጪው ዝርዝር በደረሰኝ እንዲታይ፣ ኤስካሌተሩ እንዲሠራ የተወሰነ ቀን እንዲቆረጥና የጋራ ወጪው ካለፈው ዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይጨምር ነው። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ማመንታት ገጠመን፤ በመጨረሻ ዝርዝሩ ሲታይ ከሥራ ውጭ የሆነው ኤስካሌተር የጥገና ክፍያ ሳይቀር በወጪያችን ውስጥ ተጽፎ አገኘነው። ተነሳልን። በጋራ ወጪው ጭማሪ ላይ የጠየቅነውን ገደብም ተቀበሉን። ኤስካሌተሩ ግን እኔ እስክወጣ አልተንቀሳቀሰም። ለእኔ ትልቁ ውጤት በቀረኝ ጊዜ ከመደበኛው ኪራይ ይልቅ ከሽያጬ ላይ መቶኛ እንድከፍል መፍቀዳቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል የደብተር ገጾቼን ገልጬ ባላሳያቸው ኖሮ ይህንንም አላገኝም ነበር።

ስለ ተስፋ ቃልም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ማዕከል ሲዳከም የእድሳትና የአዲስ ባለቤት ወሬ አይጠፋም፤ አንዳንዱም እውነት ይሆናል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሶኒ በ1999 የከፈተው ሜትሪዮን የተባለ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል መጫወቻዎቹና ሱቆቹ ከተዳከሙበት በኋላ ባለቤት ተለውጦ፣ በ2012 ታርጌት የተባለ ትልቅ መደብር ገብቶበት፣ ሲኒማውም ሳይወጣ ቀጥሏል። ስለዚህ ሕንፃ ከተዳከመ ሁሉ ያበቃለታል አልልም። ነገር ግን የሕንፃው መዳንና የትንሹ ተከራይ መዳን አንድ አይደሉም። ሕንፃውን የሚያድነው እድሳት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹን ሱቆች አፍርሶ አንድ ትልቅ ቦታ የሚያደርግ ነው። በውላችሁ ውስጥ አከራዩ ለእድሳት ሲል በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊያስወጣችሁ የሚፈቅድ አንቀጽ ካለ፣ የምትጠብቁት እድሳት የምትወጡበት ቀን ሊሆን ይችላል። «ሊታደስ ነው» ሲሏችሁ የግንባታ ፈቃዱ ወጥቷል ወይ፣ ሥራ ተቋራጩ ፈርሟል ወይ፣ በእድሳቱ ጊዜ ኪራይ ይቆማል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ባለንብረቱ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሊሾም ይችላል፤ በባልቲሞር ወደብ ዳር በ1980 ተከፍቶ ለብዙ ከተሞች አርአያ የነበረው ሃርበርፕሌስ በ2019 የገጠመው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ኪራያችሁን ለማን እንደምትከፍሉ የሚገልጽ ሕጋዊ ደብዳቤ ሳትይዙ ለማንም አትክፈሉ፤ መያዣ ያስቀመጣችሁት ገንዘብም ከእነማን እጅ እንዳለ ወዲያው ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

መውጫዬን ያዘጋጀሁት ውሉ ሊያልቅ ስምንት ወር ሲቀረው ነው። መጀመሪያ አዲስ ሸቀጥ ማስገባት አቆምኩ፤ ባዶ መደርደሪያ ገዢን እንዳያሸሽ መስታወቱን በማሰሪያዎችና በባትሪ ሞላሁት። ለሠራተኛዬ ከማንም በፊት ነገርኳት፤ ሌላ ሥራ ብታገኝ ከቀኑ በፊት መሄድ እንደምትችል ቃል ገባሁላት፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አብራኝ ቆየች። ሰዓት ለጥገና ሲቀበሉ ስልክ መጻፍ የቆየ ልማዴ ስለነበር የ11 ዓመት ደንበኞቼ ቁጥር በደብተሮቼ ውስጥ ነበረ፤ በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አዲሱን አድራሻዬን በመልእክት ላክሁላቸው። ከማዕከሉ የወሰድኩት ትልቁ ሀብት እሱ ነው። ማዕከሉ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነ ያ ሰው የማዕከሉ ደንበኛ ነው፤ ስሙንና ስልኩን በፈቃዱ ከያዛችሁ ግን የእናንተም ይሆናል፤ ይህን በደህናው ጊዜ ጀምሩት።

ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት ሱቁን ከአራቱም ማዕዘን፣ የመብራት ቆጣሪውን ከነንባቡ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበትን ቦታ ሁሉ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አነሳሁ። በርክክቡ ዕለት የአስተዳደሩ ሰው በእርጥበት የላላውን የግድግዳ ቀለም በእኔ ጉዳት ሊመዘግብ ሲል ፎቶዎቹንና ስለ ፍሳሹ በየጊዜው የጻፍኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች አሳየሁት፤ ቀለሙ ከመዝገቡ ወጣ። መያዣዬ ግን ሙሉ በሙሉ የተመለሰልኝ ከአራት ወር በኋላ፣ ብዙ ከተመላለስኩ ወዲህ ነው። የርክክብ ሰነድ ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንደኛው ተፈርሞ በእጃችሁ ሳይገባ ቁልፉን አትስጡ።

አንድ ያላሰብኩት ሥራ ነበር፤ ተጠግነው ባለቤት ያልወሰዳቸው ሰዓቶች። ከመሳቢያዬ ግርጌ 19 ሰዓቶች ተገኙ፤ እያንዳንዱ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ስምና ቀን ተጽፎበት። አብዛኞቹ ሲኒማው በተዘጋበት ዓመት የገቡ ናቸው፤ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ትተዋቸው፣ ወደ ሕንፃው የሚመልሳቸው ሌላ ጉዳይ ያጡ ሰዎች ንብረት። ለሁሉም ደወልኩ። 12ቱ መጥተው ወሰዱ፤ አንዷ የእናቷን ሰዓት ስትቀበል ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። የቀሩትን ሰባቱን ከነፖስታቸው ይዤ ወጣሁ፤ በአሮጌው ሱቅ መስታወት ላይም አዲሱን አድራሻና ስልኬን በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ።

አሁን የምሠራው ከአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ፣ በሩ ወደ ጎዳናው በሚከፈት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ስፋቱ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። እዚህ ማንም ለመቆየት አይመጣም፤ ስለዚህ የሥራዬን ሥርዓት ለዚያ አስተካከልኩት። የደቂቃ ሥራ የሆነውን እዚያው ቆመው ሲያዩኝ እጨርሳለሁ፤ ሰዓት የሚወስደውን ደግሞ ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ ይሰጡኛል፣ ማታ ሲመለሱ ይወስዳሉ፤ ለዚህም ስል ከቀድሞው አንድ ሰዓት ቀድሜ ከፍቼ አንድ ሰዓት ዘግይቼ እዘጋለሁ። ደብተሩ ግን አልተለወጠም። ሰሞኑን ገጾቹ ላይ «ት» እንደገና በዝታለች፤ ከሰባቱ ፖስታዎችም ሁለቱ ባለቤታቸውን አግኝተዋል።